በራችን ላይ ያለው መብራት

ይድረስ ለምወድዎ ለአባባ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? መነጽሩ ተስማማዎ ወይስ አሁንም ግንባርዎ ላይ ሰቅለውት እቴቴን ፈልጊልኝ ይሏታል? እሷስ፣ ባለቤቷስ፣ ትንሿ ልጃቸውስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ሥራ አለ፣ ክፍሌ ትሞቃለች፣ ምግብም በሰዓቱ እበላለሁ። ይኼን የምለው ቀድመው እንዳይጠይቁኝ ነው። አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል፤ ወረቀት ያነሳሁትም እሱን ልነግርዎ ነው። በስልክ እንዳልነግርዎ ድምፅዎን ስሰማ ወሬ እለውጣለሁ።

ሥራዬን ለሰው ሲያስረዱ ከተማውን በኮምፒውተር ትጠብቃለች እንደሚሉ እቴቴ ነግራኝ ስቄያለሁ። ከእውነቱም ብዙ አልራቁም። የምሠራበት ማዘጋጃ ቤት የከተማውን ካርታ ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል። ቱቦ የፈነዳበት፣ መንገድ የተቦረቦረበት፣ ቆሻሻ ያልተነሳለት ሰው ስልኩን ከፍቶ ቦታው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ጎረቤቱም እደግፋለሁ ብሎ ይጫናል። እኔ ምልክቱን አይቼ ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፋለሁ፣ ሲጠገንም ለሰውየው መልስ እሰጣለሁ። አለቃዬ ጠዋት ጠዋት የምትለን ነገር አለ፤ ምልክት ያልተደረገበት ሰፈር ችግር የለበትም ማለት አይደለም፣ ስልክ የሌለው ሰው ይበዛበት ይሆናል ትላለች። ስለዚህ ካርታውን በትልቁ አሳትመን መናኸሪያው በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተን እንቀመጣለን። ስልክ የሌለው ሰው በጣቱ ያሳየናል፣ እኛ እንለጥፍለታለን። ታዲያ ሁሉም መጀመሪያ የሚፈልገው የገዛ ቤቱን ጣሪያ ነው። እሱን ካገኘ በኋላ ነው ችግሩ ትዝ የሚለው።

እርስዎ ያሉበት የእኛም ከተማ እንዲህ ያለ ካርታ አወጣ ሲሉኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። ለየሰፈሩ አንድ የመንገድ መብራት ይተከላል፣ ቦታውን ነዋሪው ይምረጥ ተብሏል። እኔም እንደ መናኸሪያው ሰው መጀመሪያ የፈለግኩት ጣሪያችንን ነው። በሩን ሳየው እርስዎ ሲመሽ የቁልፉን ቀዳዳ በእጅዎ ሲዳብሱ ታየኝ፤ ምልክቱን እዚያው አደረግኩት። በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። የቢሮ ጓደኞቼን ለአባቴ ነው ብዬ አስደገፍኳቸው፣ እነሱም ለየዘመዶቻቸው ላኩት። ሰፈራችንን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሁሉ ደገፈልኝ። ሌላ ምልክት አንድ ብቻ ነበር፣ ወደ ዳቦ ቤቱ በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ላይ። ያደረገው ፀጉር አስተካካዩ ተከራያችን ነው። አይቼዋለሁ አባባ። አይቼ አለፍኩት።

መብራቱ የተተከለ ሰሞን የደወሉልኝን አልረሳውም። ወንበርዎን አውጥተው ከሥሩ እንደሚቀመጡ፣ ለአላፊ አግዳሚውም "ልጄ ከዚያ ሆና አበራችልኝ" እንደሚሉ ነገሩኝ። ከኩራቴ የተነሳ ያን ቀን ቢሮውን በሙሉ ሻይ ጋበዝኩ።

ዳቦ ሻጯ እማማ ትኩስ ከዚያ ደረጃ መውደቃቸውን ግን አልነገሩኝም። የነገረችኝ እቴቴ ናት። ገና ሳይነጋ ዳቦ ሊያመጡ ሲወርዱ ደረጃውን ስተው ወደቁ፣ እግራቸው ተሰብሮ ጄሶ ታስሮላቸዋል አለችኝ። ትኩስ ነው፣ ትኩስ ነው የሚለው ጥሪያቸው ጠፍቶ ሰፈሩ ጭር ብሏል አለች። እኔን ለትምህርት ቤት የሚቀሰቅሰኝ የእሳቸው ድምፅ ነበር። እማዬ ከሞተች በኋላ ደግሞ ከዳቦው ዳር ቆርሰው ሳይሰጡኝ አልፈውኝ አያውቁም። አባባ ለምን ደበቁኝ ብዬ ብጠይቃት፣ "መብራቱ እንዲያስደስትሽ ፈልገው ነው" አለችኝ። ብርሃኑ በመስኮት እየገባ እንቅልፍ እንደነሳዎ፣ ፊትዎን በፎጣ ሸፍነው እንደሚተኙም ነገረችኝ። ይኼንንም ደብቀውኛል።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ላይ ምልክት ባየሁ ቁጥር ያላደረገው ሰው ማን ይሆን እላለሁ። እዚህ የማላውቀውን ሰው ጣት እየተከተልኩ ስለጥፍ እውላለሁ፣ እማማ ትኩስን ግን የጠየቃቸው የለም። ወደ እቴቴ አንድ ጊዜ ደውዬ በእግራችሁ የምትፈሩት የት ነው ብላት ይበቃ ነበር። አፍሬያለሁ።

ለከተማችን ማዘጋጃ ቤት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰው ደግ ነው፤ መብራቱ ወደ ደረጃው ሊዛወር ይችላል፣ ሌላ ግን ዘንድሮ የለም አለኝ። የሚዛወረውም በሩ ላይ የቆመለት የቤቱ ባለቤት ራሱ መጥቶ ሲጠይቅ ነው። አንዲት ሩቅ አገር ያለች ሴት ሰፈሩን በማያውቁ ሰዎች አስደግፋ አሳሳተችን፣ ከእንግዲህ የምንሰማው እዚሁ የሚኖረውን ነው አለኝ። እኔ ነኝ ለማለት ድፍረት አጣሁ።

እንግዲህ የምለምንዎ ይኼን ነው አባባ። ተከራያችንን ይዘው ማዘጋጃ ቤት ይሂዱና መብራታችን ደረጃው ላይ ይሁን ይበሏቸው። ልጄ የሰጠችኝን እንዴት አሳልፌ ልስጥ እንደሚሉ አውቃለሁ። ክፉ ቃል አይወጣዎትም እንጂ ከእኔ ያገኙት ይኸው መብራት ብቻ መሆኑንም አውቃለሁ። ስንት ጊዜ እመጣለሁ ብዬ ቀረሁ። በመምጣት ፈንታ ምልክት አደረግኩ።

እማማ ትኩስን በእኔ ስም ይጠይቁልኝ። መብራቱን ወደ እኛ በር የወሰደችው ማን እንደሆነች ሳይሸፋፍኑ ይንገሯቸው፤ ቢቆጡኝ ደስ ይለኛል። ለእቴቴ፣ እውነቱን ስለነገረችኝ ሁለት ጊዜ ሰላም ይበሉልኝ። ለባለቤቷ ለመካኒኩ፣ ጥርሷ ለወለቀው ለትንሿ፣ ከእኔ ይልቅ ዓይን ላለው ለተከራያችንም ሰላምታዬ ይድረስ።

በሩ ይጨልማል ብለው አይጨነቁ። ስመጣ ዳብሼ አገኘዋለሁ።

ልጅዎ

ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ከካርታው ክፍል
ኅዳር ማለቂያ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ