በጡብ ሰፈር የሞላሁት ቅጽ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ጉልበቴን እንደሚያመኝ ማን ነገረው እንደምትዪ አውቃለሁ፤ እደርስበታለሁ። ልጅሽ ደህና ናት? ከግድግዳው ማዶ ሆና፣ ባስነጠስሽ ቁጥር ይማርሽ እያለች የምትጮኸው ጎረቤትሽስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በአካሌ ደህና ነኝ። የቀረውም ደህና ቢሆን ኖሮ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝምታ በኋላ ዛሬ ብዕር ባላነሳሁ ነበር።

እማዬ ያረፈች ጊዜ አልመጣሁም። ማመካኛ ነበረኝ፤ እኔ ማመካኛ ጠፍቶኝ አያውቅም። አፈሩ ከደረቀ በኋላ ሰማሁ፣ አሁን በምን ፊቴ እሄዳለሁ አልኩ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ይኸው ስምንት ዓመቷ። ሰው በአንድ ቀን አይጠፋም እታለም፤ ነገ እሄዳለሁ እያለ ነው የሚጠፋው።

የምታውቂውን መልሼ ብነግርሽ አትታዘቢኝ፤ ከሥሩ ካልጀመርኩ የጻፍኩበትን ነገር አወጣለሁ ብዬ አላስብም። የአባታችን ወገን ሱቀኞች፣ የእናታችን ወገን ጡበኞች ናቸው። ሁለቱም አያቶቻችን ለዚህች ከተማ መጤ ነበሩ። አንዱ ከወዲያ፣ አንዱ ከወዲህ፣ ግን በአንድ ዘመን፣ የለበሱትን ብቻ ለብሰው ገቡ። ያኛው ጨርቅ በትከሻው ተሸክሞ እየዞረ ሸጠ፤ ይኛው ጭቃ ረግጦ ጡብ አቃጠለ። ለሱቀኞቹ መሬት እንዲገዙ ተፈቀደላቸው። ጡበኞቹን ግን የጡብ ፋብሪካው በሠራቸው ባለ አንድ ክፍል ቤቶች ውስጥ አስቀምጠው፣ የራሳቸውን ግድግዳ እንዳያቆሙ በሕግ ከለከሏቸው። የሱቀኞቹ ፎቅ የተሠራበት ጡብ ከእማዬ አባት ምድጃ የወጣ ነው፤ እሱ ራሱ ግን በሰው ቤት ኖሮ በሰው ቤት ሞተ። በሦስተኛው ትውልድ ደግሞ፣ አንዱ ወገን ለምን ከፍ አለ፣ ሌላው ለምን ወደኋላ ቀረ ተብሎ ጥናት ይጠና ተባለ። ከአጥኚዎቹ አንዱ እኔ ሆንኩ።

አባታችን ሲሞት አንቺ አሥራ ሁለት፣ እኔ ዘጠኝ ነበርን። የአባታችን ወንድም፣ ሱቀኛው አጎታችን፣ እማዬ ዘንድ ጡብ ሰፈር መጥቶ፣ ሁለታችሁን አልችልም፣ አንዳችሁን ወስጄ ላስተምር አለ፤ እኔን ወሰደ። ወንድ ስለሆንኩ ነው ብዬ አደግሁ። ሲከፋኝ ደግሞ፣ እማዬ የሳሳችው ለአንቺ ነው፣ ለእኔ አልሳሳችልኝም እያልኩ ትራሴን እነክስ ነበር። አጎታችን በስሙ አስመዘገበኝ፣ አነጋገሬን አረመኝ፣ እናቴ ጡበኛ መሆኗን ለሰው እንዳልናገር መከረኝ። ክፋት አልነበረውም፤ ኑሮ እንዲቀልልኝ ብሎ ነው። ቀለለኝም። ሚስቴ እንኳ ያወቀችው ባለፈው ወር ነው።

የምሠራው በከተማው አስተዳደር፣ የጥናት ክፍል ውስጥ ነው። የሁለቱን ወገኖች ኑሮ የሚያወዳድር መጠይቅ ሲዘጋጅ አርባ ጥያቄ ወጣለት፤ ስንት ክፍል፣ ስንት ሰው፣ እስከ ስንተኛ ተማራችሁ፣ ሲቸግራችሁ ማን ይደርስላችኋል፣ ይህን የመሰለ ነገር። መንገዶቹን በዕጣ ተከፋፈልን። የደረሰኝን ወረቀት ገልጬ ሳየው የእናንተ መንገድ ነው። ደንባችን ጠያቂ ዘመዱን አይጠይቅም ይላል። ወረቀቱን ልመልስ እጄን ዘረጋሁና፣ ለምን ብባል ምን ልመልስ ነው ብዬ ሰበሰብኩት።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ላይሽም ፈልጌ ነበር። እንደ ወንድም ለመምጣት ያጣሁትን ድፍረት፣ ቅጽ ይዤ እንደ ሠራተኛ ለመምጣት አገኘሁት። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽኝ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። አሁን ጺም አውጥቻለሁ፣ መነጽር አድርጌአለሁ፤ አታውቂኝም ብዬ ተማመንኩ።

በሩን የከፈትሽልኝ ጉልበትሽን በሻሽ አስረሽ፣ ግድግዳውን ተደግፈሽ ነው። የስፌት መኪናሽ መስኮቱ ሥር፣ ተቆርጦ ያልተሰፋ የተማሪ ዩኒፎርም አልጋው ላይ፣ ካውያው ብቸኛው ወንበር ላይ። ካውያውን አንስተሽ ቁጭ በል አልሽኝ። ጺም ያለው የመንግሥት ሠራተኛ አንቱ አይባልም እንዴ ብዬ በልቤ ታዘብኩሽ።

ስንት ክፍል አለዎት አልኩሽ። የምታየው ነው፣ ጣሪያውንም ከቆጠርከው ሁለት ነው ብለሽ ሳቅሽ። ሲቸግርዎ ማን ይደርስልዎታል አልኩ። ቅጹ ላይ ያለው ሦስት መስመር ነው፤ አንቺ ዘጠኝ ሰው ቆጠርሽ። ከግድግዳው ማዶ ጎረቤትሽ፣ እኔንማ ረሳሽኝ ብላ ስትጮህ አሥር ሆኑ። በኅዳጉ ላይ ሳይቀር ጻፍኳቸው። ይህንኑ ጥያቄ አጎታችንን የጠየቀው አንድ ባልደረባዬ ነው። አጎታችን አሁን በአምስት ክፍል ውስጥ ብቻውን ይኖራል፤ ልጆቹ ራቅ ራቅ ብለው ተበትነዋል። ብዙ አስቦ ስልኩን አሳየው አሉ። ስልኩ ውስጥ ማን አለ ቢለው፣ የአምቡላንሱ ቁጥር አለ አለው። ባልደረባዬ ይህን እንደ ቀልድ ነበር ለቢሮው ያወራው።

ከዚያ ትምህርት ላይ ደረስን። ከስድስተኛ አቋረጥኩ አልሽ። ምክንያቶቹን አነበብኩልሽ፤ አንድ፣ አቅም ማጣት። ሁለት፣ ፍላጎት ማጣት። ሦስት፣ ጋብቻ። አራት፣ ሌላ ከሆነ ይገለጽ። ሁለተኛውን በል አልሽና ዩኒፎርሙን መተኮስ ጀመርሽ። ምልክት አደረግሁ። ጥቂት ቆይተሽ፣ ጀርባሽን እንደሰጠሽኝ፣ የሌላ ሰው ወሬ የምታወሪ መስለሽ ነገርሽኝ።

አጎታችን ሊወስድ የመጣው አንቺን ነበር። ከክፍል አንደኛ የምትወጪው አንቺ ነበርሽ፤ ሻንጣ ሳይቀር ገዝቶልሽ ነበር። እማዬ እያለቀሰች ልብስሽን ስታጥፍ አየሻትና፣ ትንሹ ደረቱ ደካማ ነው፣ የምድጃው ጭስ ይገድለዋል አልሻት። ለአጎታችን ደግሞ፣ እኔ ትምህርት አልወድም፣ ፊደል ሳይ ያዞረኛል፣ እሱን ውሰደው አልሽው። አላመነሽም። ደብተሮችሽን አምጥተሽ እፊቱ እሳት ውስጥ ጨመርሻቸው። ያኔ አመነኝ አልሽ። ካውያውን አቁመሽ፣ እና ሁለተኛው ትክክል ነው፣ ፍላጎት ማጣት ነው አልሽኝ።

እታለም፣ ያን ጊዜ ነበር ተነስቼ እግርሽ ላይ መውደቅ የነበረብኝ። ያም ቢቀር፣ አራተኛው ምርጫ ሥር ሁለት ባዶ መስመር ነበረ፤ ብዕሩም እጄ ላይ ነበር። እኔ ቀጣዩን ጥያቄ አነበብኩ።

ስወጣ እስከ ደጅ ሸኘሽኝ። በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ የተደረደረውን ጡብ አሳየሽኝ። የሰፈሩ ሰው በእረፍት ቀኑ ጭቃ እየረገጠ ያቃጠለው ነው፤ ትምህርት ቤቱ ስምንተኛ ላይ ስለሚያበቃ፣ የቀሩትን ክፍሎች እኛው እንገነባለን፣ አስተዳደሩ ፈቃድና መምህር ይስጠን ብላችሁ። ልጄ ዘንድሮ ስምንተኛ ናት አልሽኝ። ቢሮ ያለህ ሰው ነህና አንድ ቃል በልልን አልሽኝ። እሺ ብዬሽ ሄድኩ።

ሪፖርቱ ሲወጣ እንዲህ ይላል። ሱቀኞች በገቢ፣ በቤት፣ በትምህርት ይበልጣሉ። በጡበኞች ዘንድ ትምህርት የሚቋረጥበት ዋናው ምክንያት ፍላጎት ማጣት ነው። አዎ፣ በእናንተ መንገድ አብዛኛው ሰው ሁለተኛውን ነው ያለኝ። ለማያውቀው ሰው አቅም አጣሁ ብሎ የሚናገር ማን አለ? ኩራት መሆኑን እያወቅሁ ሞላሁት። ማን ይደርስላችኋል የሚለው ሰንጠረዥ ደግሞ ንጽጽሩን ያደናግራል ተብሎ ወጣ። ያዘዘው የጥናት ክፍላችን ኃላፊ ነው፤ በእጁ ያወጣው ግን ወንድምሽ ነው።

ሪፖርቱ በቀረበበት ስብሰባ ላይ ከትምህርት ክፍል የመጣች ሴት እጇን አነሳች። ይህን ያህል ሰው መማር አልፈልግም ይላል እንዴ፣ እነዚህ ሰዎች ጡብ ደርድረው እየጠበቁ አይደለም ወይ አለች። ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ፣ እሱ ሰፈሩን ቤት ለቤት ያውቀዋል፣ ይንገረን አለ። ሁሉም አየኝ። አንድ ቃል በልልን ያልሽኝ ለዚህች ደቂቃ ነበር። ቅጹ የሚለው እንደዚያ ነው አልኩና ተቀመጥኩ። ፈቃዱ ፍላጎት ላላቸው ሰፈሮች በቅድሚያ ይሰጥ ተብሎ ተወሰነ።

ሁለት ወር ሙሉ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ቢሮ ገባሁ፣ ወጣሁ። ባለፈው ወር በእናንተ በኩል ሳልፍ ጡቡን አየሁት። በረድፎቹ መሃል ሣር በቅሏል። ግን አንድ ሰው አዲስ ላስቲክ አልብሶት፣ ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጭኖበታል። ተወስኖባችሁም እየጠበቃችሁት ነው። ያን ላስቲክ አይቼ የቢሮው መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሾፌሩ ጉንፋን ይዞህ ነው ወይ አለኝ፣ አዎ አልኩት።

በማግሥቱ ለኃላፊው ጻፍኩ። የጠየቅሁት እህቴን ነው፣ የእናቴ ወገን ጡበኛ ነው፣ ሰዎቹም ለምን እንደዚያ እንደመለሱ እያወቅሁ አልጻፍኩም፣ እንደገና ይመርመር አልኩ። አስጠርቶ ምን ነካህ አለኝ፤ ተቆጥቶ ሳይሆን አዝኖልኝ። ታዲያ አንተን በየትኛው ወገን ልቁጠርህ ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ፤ ሁለታችንም አልሳቅንም። የሞላኋቸውን ሃያ ሦስት ቅጾች ከቆጠራው አወጧቸው። ፍላጎት አጥተዋል የተባሉት ቁጥር ከመቶ ግማሽ ነጥብ ብቻ ወረደ። ውሳኔው ባለበት ጸና። እኔም ከሥራ ታግጃለሁ። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ የዘገየ እውነት ምን ያህል አቅም እንደሌለው እንድታዪው ነው።

አጎታችን ዘንድም ሄጄ የደብተሮቹን ነገር ጠየቅሁት። ያመንኳት መስሎህ ነው አለኝ። አንዲት ሕፃን ደብተሯን እስክታቃጥል ድረስ ከጨከነች፣ ያመንኩ ከመምሰል ሌላ ምን ላደርግላት እችል ነበር አለ። ከዚያ ስለ አንቺ ጠየቀኝ። ደህና ናት አልኩት። አግብታለች ወይ አለ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል አልኩት። በሩ ድረስ ሸኝቶኝ ቆሞ ቀረ።

ትናንት ይህን ደብዳቤ ስጽፍ መጨረሻው ሌላ ነበር። ልጅሽን ላኪያት፣ ባዶ ክፍል አለኝ፣ ከቤቴ አጠገብ ጥሩ ትምህርት ቤት አለ ብዬ ጽፌልሽ ነበር። መልሼ ሳነበው ድምፁ የአጎታችን ድምፅ ነው፤ ቃል በቃል። ገጹን ቀደድኩት። ከአንድ ቤት አንዱን ልጅ አውጥቶ የቀሩትን መተው ምን እንደሚያደርግ ከእኔና ከአንቺ በላይ ምስክር የለም። ልጅሽ ከአንቺ አትራቅ። ይልቅ እኔ ልምጣ? ሒሳብ አልረሳሁም። ትምህርት ቤቱ እስኪፈቀድ፣ ስምንተኛን የጨረሱትን ሁሉ በየትኛውም ጥግ ሰብስቤ ላስተምራቸው እችላለሁ። ማመልከቻውንም እንደገና አብረን እንጽፈዋለን፤ የቢሮ ቋንቋ ከተማርኩ አይቀር አንድ ቀን እንኳ ለወገን ይጥቀም። እምቢ ብትዪ አልቀየምም። ስደቢኝም፤ ስድብሽ ናፍቆኛል።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የመጠይቁ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ተለይቶ የሚኖር የቤተሰብ አባል አለ ወይ የሚለው ነው። ወደ ስፌት መኪናሽ ተመልሰሽ ነበር። አንድ ወንድም አለኝ አልሽ። ያለበት ሁኔታ ብዬ ሦስቱን አነበብኩልሽ፤ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ አስቸጋሪ። ክሩን በጥርስሽ በጠስሽ፣ ቀና ብለሽ ብዙ አየሽኝ፣ ከዚያ፣ ደህና ነው በል፣ ትንሽ ከስቷል እንጂ አልሽ።

እኔም ጥሩ የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ አይድከም። ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። በችግር ቀን የምትቆጥሪያቸውን ሰዎች አያጉድልብሽ። የእማዬን ነፍስ ያሳርፍልን።

የእናትሽ ልጅ