የወፈረችው ድሬና የአባቴ ኮት

ቅዳሜ፣ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

በታላቅ ሐዘን ይገለጻል፦ የአባቴ የሙሽርነት ኮት ዛሬ ጠዋት አልቆለፍ አለ።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ሳለ ያሰፋው ግራጫ ኮት ነው። በቤታችን ሙሽራ ሁሉ እሱን ሳይለብስ አይመረቅም፤ እኔ ያገባሁ ቀን ውስጡ ጠፍቼ ነበር። የነገው ሙሽራ የወንድሜ ልጅ ሚኪ ግን ሆዱ ላይ ሁለቱን ጫፍ ማገናኘት አቃተው። እናቴ «ያለ ኮቱ ምርቃት የለም» ብላ ፊቷን አዞረች። እኔም ኮቱ ታጥቦ ተኮማትሯል ስል በይፋ አወጅኩና ይዤው ወደ መጋላ ሰፈር በረርኩ።

ልብስ ሰፊው አብዲ ሳቀብኝ። «ዋርያ፣ ኮቱን ለምን ትወነጅላለህ? ድሮ የድሬ ሙሽራ ሲመጣ ሥራዬ ኮት ማጥበብ ነበር። ዘንድሮ ሳሰፋ ነው የምውለው። አቦ፣ እስከ ሱቅ እንኳ በባጃጅ ሆነ እኮ!»

የመጣሁበት ባጃጅ በር ላይ እየጠበቀኝ ነበር።

አብዲ የኮቱን ጀርባ ከላይ እስከ ታች ተርትሮ ጥቁር ጨርቅ ገጠመበት። ማታ ሚኪ ለበሰው። ተቆለፈ! ቤቱ በእልልታ ቀለጠ! ሚኪ ዞር ሲል ግን እናቴ ጥቁሩን ጨርቅ አየችና ጮኸች፦ «አንተ ልጅ፣ ነገ ለማንም ጀርባህን እንዳትሰጥ!» ይኸው እስካሁን እየሳቅኩ ነው የምጽፈው።

ማረሚያ፦ ከላይ ኮቱ ተኮማትሯል ተብሎ የታወጀው ስሕተት ነው። የኮቱ ልክ አልተለወጠም። የተለወጠው የድሬዳዋ ሕዝብ ልክ ሲሆን፣ የዚህ ማስታወሻ ጸሐፊም ከሕዝቡ አንዱ ነው፤ ኮቱ ከመተርተሩ በፊት በድብቅ ሞክሮት አንድ ክንዱ ብቻ ገብቷል።