ምልክቱን ውሃ እንዳይወስደው

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9 ቀን፣ ከሰዓት። ዝናብ ነው፤ መስኮቱ አልቦታል። ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለነው እኔ፣ ኬሚስቷና በር ላይ የሚያንጎላጀው ጥበቃ።

እታለሜ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? የእጅሽ መንቀጥቀጥስ? እኔ አለሁልሽ። በአየር ጠባይ መጀመሬ አይግረምሽ፤ የዚህ ቤት ወግ ነው። እርጥበት ጠላታችን ነው።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ከባድ ሃይድሮጂን ያለበትን ኪኒን አልሞክርም፣ ጨረር ነው፣ ደግሞስ እኔ አይጥ ነኝ ወይ ብለሻል። ስስቅ ጥበቃው ባነነ።

ስሚኝማ። እዚህ ዕቃ ሳጥብ ከካርቶኑም ከተጣለ ወረቀቱም ለቃቅሜ ያነበብኩትን፣ ኬሚስቷንም ጠይቄ ያረጋገጥኩትን ነው የምነግርሽ። ዲዩተሪየም ይሉታል። ያው ሃይድሮጂን ነው፤ ከበድ ያለው ወንድሙ። ጨረር የለውም። መድኃኒቱ ውስጥ በቀላሉ ሃይድሮጂን ቦታ እሱን ሲተኩት ሰውነት ቶሎ አይሰባብረውም፤ የሚመረምሩበት መሣሪያም ደም ውስጥ በክብደቱ ይለየዋል፤ ምልክት እንዳሰሩት በግ ማለት ነው። ታዲያ መድኃኒቱን ገና ሲሠሩት ተራ ውሃ ካገኘው፣ አንዳንዴ ከባዱን ሰርቆ ቀላሉን ይተካበታል። ስለዚህ ብልቃጡን አጥቤ ምድጃ ውስጥ አደርቃለሁ፤ ጠብታ አልተውም። ጥበቃው ውሃ የምትፈራ አጣቢ እያለ ያሾፍብኛል።

ያድንሻል አልልሽም፤ ኬሚስቷም አላለችም። ገና እየተሞከረ ነው። ግን እናታችን በዚሁ በሽታ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ሲያቅታቸው፣ የሚሞከር ነገር እንኳ አልነበረም። ያንቺ ስም ደግሞ ከሙከራው ዝርዝር እስከ አርብ አይሰረዝም።

ባለፈው ወር አንድ ብልቃጥ ከእጄ አመለጠ። ይቅርታ ልል ቀና ስል ኬሚስቷ ስባሪውን አላየችም፤ ጣቶቼን ነው ያየችው።

የቀረውን ነገ እጨምርበታለሁ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ዝናቡ አባርቷል። የሸሚዜን ቁልፎች ራሴ ቆለፍኩ፤ ቢዘገይም ሁሉንም ቆለፍኩ። በአጣቢዎች በር ሳይሆን በፊት ለፊቱ፣ ኪኒኑን ሊሞክሩ የሚመጡት በሚገቡበት ገባሁ። ጥበቃው ዛሬስ በር ተሳሳትሽ አለኝ፤ አልተሳሳትኩም አልኩት። ነርሷ መዘነችኝ፣ ደም ቀዳችልኝ፣ አንዲት ነጭ ኪኒን ሰጠችኝ። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ ዋጥኳት። ከዚያ አጠገቤ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ሻርፔን አኖርኩና፣ የሚመጣ ሰው አለ አልኳት ነርሷን።

እጅሽን ያጽናልሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ።

በጀርባሽ ያደግኩት ታናሽሽ