ግራው ጫማ

እሁድ፣ ጥር 15 ቀን 1975 ዓ.ም.

ዛሬም ነጃትን አስፋልት ፍለጋ ከሰፈራችን ከመጋላ ወደ ከዚራ ሰፈር ይዣት ሄድኩ። ልጄ በአንድ እግር ባለ ጎማ ጫማ ስትንሸራተት ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል።

ጥፋቱ የእህቴ የፋጡማ ነው። ጅቡቲ ባሕሩ ዳር ልጆች በዚህ ጫማ ሲበሩ አይታ ለነጃት ገዛችላት። ስትመለስ ባቡር ላይ እንደ ኮንትሮባንድ ነጋዴዎቹ ልማድ ቀኙን ራሷ ያዘች፣ ግራውን ሌላ ፉርጎ ለተሳፈረች ጓደኛዋ ሰጠች። «አቦ፣ አንድ እግር ጫማ ማን ይወርሳል?» ትላለች። ፊናንስ፣ የጉምሩኩ ፖሊስ፣ ወረሰዋ! የጓደኛዋን ዕቃ ሙልጭ አድርጎ ወሰደው።

ዛሬ አንዲት ልጅ በግራ እግሯ ብቻ እየተንሸራተተች መጣች። ቀዩ ማሰሪያ የነጃት ጫማ ላይ ካለው ጋር ያው ራሱ ነው። አብራት የመጣችውን እናቷን በመልክ አውቃታለሁ፤ ባሏ ፊናንስ ነው። ደሜ ፈላ። ግን «የኛ ነው» ብል ኮንትሮባንዱን በገዛ አፌ መመስከሬ ነው።

ሴትዮዋም የነጃትን እግር አየችና ደነገጠች።

«ከየት አገኛችሁት?» አለችኝ።

«ዘመድ ልኮልን ነው» አልኳት።

«ለኛም ዘመድ ነው የላከልን» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

ልጆቹ ምንም አልተጠያየቁም። እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ ጫማ ያለበትን እግራቸውን መሐል አድርገው በሌላው አስፋልቱን እየገፉ፣ እየሳቁ ወደ ባቡር ጣቢያው ወረዱ።

እኛም እስኪመለሱ አንድ ዛፍ ሥር፣ ዘመዳሞች መስለን ቆምን።