ለቆሰበር የተለካ ነዳጅ

መጋቢት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ዳንግላ

ትናንት የወይዘሮ ሸጋን ፊያት ሞተር ፈታሁ።

ውድ ፀጋው፣

ስልኬን ስለማታነሳ ጻፍኩ። ሦስተኛው ፒስቶን አናቱ ቀልጦ ተበስቷል። ቱርቦው ደህና ነው።

ያቺን የሰባ ሁለት ሞዴል ባለ ሁለት በር ቆሰበር ጋራዣችን ውስጥ ሁለት ዓመት ስንሠራት፣ ወይዘሮ ሸጋ የሚሉን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ከዘመኗ ያልሆነ ዕቃ እንዳታስገቡባት። ባለቤቴ ከመቃብር ቢነሣ ይወቃት።» አንተ ቃላቸውን ከእሳቸው አጥብቀህ ያዝከው። ባለቤታቸው ያስገጠሙት ቱርቦ ተበላሽቶ ስለነበር፣ እኔ የአይሱዙ ቱርቦ ገጥመን እንገላገል ስልህ፣ «ለባልቴት የልጅ ጥርስ ልትተክል ነው?» ብለህ ሳቅህብኝ። መርካቶ ሦስት ጊዜ ተመላልሰህ የመኪናዋን እኩያ አመጣህ። ካርቡሬተሩንም ራስህ ለካህ።

ልትሞክራት ቻግኒ በወረድክበት ቀን ጠዋት ጥቁር ጭስ ታወጣ ነበር። «ተዋት፤ እዚህ ብታጨስም ቆላ ስትወርድ ይስተካከላል» አልከኝ። ቁርስ ልትበላ ስትወጣ የካርቡሬተሩን የነዳጅ ቀዳዳ በጠባብ ቀየርኩት። ጭሱ ጠፋ፤ ጉልበቷም ጨመረ። ካንተ የበለጥኩ መሰለኝ።

ተመልሰህ «ጭሱ የት ሄደ?» አልክ።

«ሞተሩ ሲሞቅ ተወው» አልኩህ።

ቆሰበር ደጋ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ለእሱ የበቃው ነዳጅ ለቆላው ለቻግኒ ወፍራም አየር አነሰ። ከቻግኒ ስትመለስ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሎ ፒስቶኑ ቀለጠ።

መኪናዋ ተጭና መጣች። ወይዘሮ ሸጋ «እሽቅድምድም ወጣባት» እያሉ ሰው ፊት ሲሰድቡህ ወደ እኔ አየህ። እኔ አጎንብሼ መፍቻ ፈለግሁ። ሞተሩን ልፍታውና ልየው ብትላቸው እጅህ እንዳይነካት አሉ። በየጋራዡም አወሩብህ። አሁን ቻግኒ የወፍጮ ሞተር ብቻ ትጠግናለህ አሉ፤ መኪናውን የሚሰጥህ ሰው የለም።

ሁለት ዓመት ሸራ ለብሳ ከቆመች በኋላ ወይዘሮ ሸጋ ሥራት አሉኝ። ለሞተሩ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን፣ ልገዛ ዛሬ እዚህ ዳንግላ ራሂማ ሱቅ መጣሁ። መለዋወጫ ከእሷ ስንገዛ እንዴት እንደምትቀልድብን ታውቃለህ።

«ያ ፒስቶን በላተኛ ጓደኛህስ? አሁንም አልጠገበም?» አለች።

ሁልጊዜ ስትለው እስቅ ነበር። ዛሬ «የበላሁት እኔ ነኝ» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

እጇን ከመደርደሪያው ላይ አነሳች። «ወላሂ አወቀ፣ ታዲያ ይኸን ለእኔ ነው የምትነግረኝ? እኔ ምን አገባኝ? እኔ ዕቃ ሻጭ ነኝ።»

ወረቀት ለመንኳት፤ እሷ ጓርኒሲዮኑን ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባች። ይኸን ደብዳቤ የቻግኒ መኪና ረዳት ያደርስልሃል። ይቅርታ እንድታደርግልኝ አልጠይቅህም። ቀዳዳውን የቀየርኩት እኔ እንደሆንኩ ለወይዘሮ ሸጋ እነግራቸዋለሁ፤ ሥራውን ከእጄ ቢነጥቁኝም እውነታቸውን ነው፤ በየጋራዡ ግን የተናገሩትን ራሳቸው እንዲመልሱ እለምናቸዋለሁ።

ራሂማ «ሁለት ዓይነት አለ፣ የትኛውን ነው?» እያለች ከውስጥ ትጣራለች። ውጭ ያው የቻግኒ መኪና ረዳት የቆሰበር ሰው እየጠራ ነው። አንድ ወንበር ቀርቶታል። ወደ ወይዘሮ ሸጋ ሄድኩ።

አወቀ