ቅቤ ያልነካው ጠፍር

ለባለቤቴ ለየሻረግ፤

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ እንዲጀመር ተምሬ አድጌአለሁ። ላንቺ ሲሆን ግን መልሱን ማን እንደሚያደርስልኝ ስለማላውቅ ሰላምታዬን አሳጥሬዋለሁ፤ አትቀየሚኝ። ከተለየሽኝ አሥራ አንድ ወር ከሦስት ሳምንት ሆነ። ሙት ዓመትሽ ሊደርስ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ሰሞኑን በብርቱ ጭንቅ ላይ ሰንብቻለሁ፤ ዛሬም ጨርሶ አልለቀቀኝም።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ልጃችን ስንዱ ብቻዬን እንዳልቀር ብላ ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ እኛ ተመልሳለች። ቀን ተማሪዎቿን ታስተምራለች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔን ትቆጣጠራለች። የጓሮው ግድግዳ እንደገና ተመርጓል። ጎረቤታችን ባጃጅ ገዝቶ በራችን ላይ ያቆመዋል፤ ሁለት ጊዜ ተናግሬው ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ አሁንም እዚያው ያቆመዋል። የክረምቱ ዝናብ ግን ክፉ ነበር። ከጽሕፈት ቦታዬ በላይ ያለው ቆርቆሮ አፍስሶ፣ በምሰሶው ላይ ሰቅለሽው የነበረው የካራ መሳያ ጠፍር ሻግቶ ተላጠ። ጭንቄ የጀመረው ከዚህ ነው።

ከእኛ ሌላ የሚያነበው ቢኖር እንዲገባው ነገሩን ላብራራ። በብራና ላይ የሚጽፍ ሰው ያለ ካራ እጅ የለውም። መቃ ብርዑን የሚቀርጸው በካራ ነው፤ የተሳሳተውን ፊደል ፍቆ የሚያነሣውም በካራ ነው። ድንጋይ ስለቱን ያወጣዋል እንጂ አይጨርሰውም። ከድንጋዩ የተረፈውን ሻካራ ጠርዝ የሚያነሣው በጣውላ ላይ የተለጠፈ ቆዳ ነው። እኔ በድንጋይ ስዬ አቀብልሽ ነበር። አንቺ መደቡ ላይ ተቀምጠሽ፣ ጣውላውን በጉልበትሽ አጋድመሽ፣ የካራውን ጀርባ አስቀድመሽ ስለቱን እያስከተልሽ በጠፍሩ ላይ ትጎትቺው ነበር። የደብራችን ሊቃውንት «የመርጌታ ብርዕ ጭረት የለውም» እያሉ ሲያመሰግኑኝ፣ ምስጋናውን ብቻዬን ተቀብዬ እገባለሁ። አንድ ቀን እንኳ «ስለቱ የእርሷ ነው» አላልሁም።

ከአርባሽ በኋላ አንድ የጸሎት መጽሐፍ ልጽፍልሽ ጀመርሁ። ሐሳቤ በሙት ዓመትሽ ቀን ለደብሩ ልሰጠው፣ ካህናቱም ሲጸልዩበት በመጨረሻው ምልጃ ላይ የክርስትና ስምሽን እንዲጠሩ ነበር። ሙሉ ዕድሜዬን የሌሎችን ሰዎች ስም በቀይ ቀለም ስጽፍ ኖሬ ያንቺን ጽፌ አላውቅም። ሁሉን ጨርሼ ያ የመጨረሻው የብራና ቅጠል ብቻ ሲቀረኝ ነው ጠፍሩ የተበላሸው።

ስንዱ «አባዬ፣ ከሱቅ ምላጭ ላምጣልዎት?» አለችኝ። ምላጭ ለጢም ነው ብዬ ገሠጽኋት። «እንግዲያው ከገበያ አያ ሙጬን ይጠይቁ፤ ቆዳ የእርሱ ሥራ አይደል?» አለች። እኔ ለኮርቻ ሠሪ ስለ ጽሕፈት ጥያቄ ላቀርብ? በአለንጋ ፊደል የቆጠርሁ ሰው አንዲት ቁራጭ ቆዳ በጣውላ ላይ መለጠፍ ያቅተዋል ብዬ አልገመትሁም። አሮጌ መታጠቂያ ቆርጬ፣ በሙጫ ለጥፌ፣ ድንጋይ ጭኜበት አዋልሁት። ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ጠጠረ። የበቅሎ ልጓም በቅቤ ሲለሰልስ ከልጅነቴ አይቻለሁና እኔም ቅቤ አሙቄ ቀባሁት። እንዴት እንዳማረ ብታይ! ካራው በላዩ ላይ ሲንሸራተት ድምፅ አልነበረውም። ስንዱን ጠርቼ አሳየኋት፤ በኩራት ነበር።

በዚያው ካራ ብርዑን ቀረጽሁ። ስምሽ የሚገባበትም ቦታ ላይ ትንሽ ጉድፍ ነበረችና በስሱ ፋቅኋት። ከዚያ ብርዑን በቀዩ ቀለም ነክሬ «ወለተ» ብዬ ጻፍሁ። «ሥላሴ» ስል ቀለሙ ሸሸ። እውነት እልሻለሁ፣ በጎመን ቅጠል ላይ እንደ ወደቀ ውኃ ተንከባሎ ፊደሉን ትቶት ሄደ። ጠብቄ ደገምሁት፤ ደግሞ ሸሸ። ፋቅሁትና እንደገና ሞከርሁ፤ ይባስ ብሎ ቀድሞ የተጻፈውም ከዳር ከዳሩ ተበታተነ። ብራናው ሳስቷል፤ አንድ ጊዜ አብዝቼ ብፍቀው ይበሳል። ሌላ ቅጠል የለኝም። ብራና የሚያዘጋጅልኝ ሰው ከጉና ተራራ በታች ነው ያለው፤ ጤና ቢያገኝና መንገዱም ቢከፈት እንኳ አንድ ብራና ተወጥሮ እስኪደርቅ ሙት ዓመትሽ ያልፋል።

የሻረግ፣ ያን ቀን የፈራሁትን ለማንም አልተናገርሁም። ብራናው ስምሽን አልቀበልም ያለ መሰለኝ። በአንቺ አልጠረጠርሁም፤ በእኔ እጅ ነው ያልሁት። በዚህ እጅ ስሟ አይጻፍ ተብሎ ይሆን እያልሁ ሁለት ቀን እህል በአግባቡ አልዋጥሁም። ስንዱ ሕመም መስሏት ሐኪም ቤት ካልወሰድሁዎ ብላ አስጨነቀችኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠፍሩን በጋቢዬ ሸፍኜ ወደ ገበያ ወረድሁ። አያ ሙጬን ታውቂዋለሽ፤ ከአንደበቱ ቀልድ አይጠፋም። ጣውላውን ተቀብሎ አሸተተና «መርጌታ፣ ይህ ለመጽሐፍ ነው ወይስ ለበቅሎ?» ብሎ ሳቀ። በአጠገቡ ያሉትም ሳቁ። ቆሜ ቻልሁት። ቀለሙ እንዴት እንደ ሸሸ ስነግረው ግን ሳቁን አቆመ።

«ቅቤዎ ነዋ!» አለኝ። «ከቆዳው ወደ ካራው፣ ከካራው ወደ ብራናው ሄደ። ቀለም በቅባት ላይ መቼ ይቆማል? የሻረግ ከኔ ቆዳ ስትወስድ ስንት ዘመን ኖራለች፤ ቅባት የነካው ቁራጭ ይዛ ሄዳ አታውቅም። ገና ሳትነካው እጇን በአመድ ታሽ ነበር። ራሷንስ ለምን የማትቀባ ይመስልዎ ነበር?»

 ወደ ገሳይ ከተማ ለወንድሜ ልጅ ሠርግ የሄድንበትን ቀን አስታወስሁ። ሴቶቹ ሁሉ ራሳቸውን በቅቤ አርሰው መጥተው ያንቺ ብቻ ደረቅ ነበር። የአክስቴ ልጅ «መርጌታ ቅቤ ነሣሽ እንዴ?» ብላ በሰው ፊት ስትተርብሽ ሰምቼ፣ ቤት እስክንደርስ አዋረድሽኝ እያልሁ ስቆጣሽ መጣሁ። አንቺ «ያሳክከኛል» ብቻ አልሽ። ከዚያ ወዲህ ቅቤ የሚያሳክካት ሴት ናት እያልሁ ኖርሁ።

ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ልወቅስሽ ቃጣኝና ተውሁት። ብትነግሪኝ ኖሮ ከመጽሐፎቼ ግማሹ ያንቺ ሥራ መሆኑን ማመን ነበረብኝ። ያን ጊዜ አላምንም ነበር። ታውቂኝ ነበር።

አያ ሙጬ ከበሬ ትከሻ የተገኘ ደረቅ ቁራጭ ቆርጦ ሰጠኝ፤ ሻካራው ፊቱ ወደ ላይ እንዲሆን፣ በፀሐይ ሳይሆን በጥላ እንዲደርቅ አስጠነቀቀኝ። እንደገና ተማሪ ሆኜ ሰማሁት። ቤት ገብቼ እጄን እስከ ክርኔ በአመድ ታጠብሁ። ካራውን በእንዶድ አጠብሁት። ያንኑ የወይራ ጣውላ ፍቄ ደልድዬ ቆዳውን ለጠፍሁ። የተሰበረ ገንቦ አድቅቄ በነጠላሽ ጫፍ ነፋሁና የስለቱን ሻካራ ጠርዝ እንዲያነሣ ደቃቁን አቧራ በቆዳው ላይ አሸሁት። ስጎትተው እየከረከረ ድምፅ ያወጣል፤ ያንቺም እንዲሁ ነበር፤ እኔ ግን ልብ ብዬው አላውቅም። የቀረውን አቧራ በቅጠሉ ላይ ነስንሼ ቅባቱን እንዲመጠው ከጧት እስከ ሠርክ አቆየሁት።

ዛሬ ከቀትር በፊት ፋቅሁት። አንዴ ፍቄ አርፋለሁ፣ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሥቼ አያለሁ፣ እንደገና አንዴ እፍቃለሁ። ቦታው ከመሳሳቱ የተነሣ በስተጀርባው ያለው ጽሑፍ ጥላው ይታያል። ብርዑን ስነክር ስንዱ ከበሩ ቆማ «አባዬ፣ ኧረ ይተንፍሱ!» አለችኝ። ያለ እስትንፋስ መጻፌን አላወቅሁም ነበር።

ቀለሙ ቆመ። ወለተ ሥላሴ፤ ሁሉም ፊደል በቦታው ነው። የመጨረሻዋ ብቻ ከሌሎቹ ትንሽ ፈዘዘች። ስንዱ ይድገሟት ብትለኝ እንቢ አልሁ፤ ብራናው ሁለተኛ ብርዕ አይችልም። ከቅቤው ጥቂት ቀርቶባት እንደሆነ፣ ከዓመት በኋላ ትለቅ እንደሆነ አላውቅም። ከስምንት ቀን በኋላ ካህናቱ ይህን ስም ያነባሉ። ስለ ብርዑም ምስጋና ካነሡ፣ ስለቱ የማን እንደ ነበረ በሁሉ ፊት እናገራለሁ። አያ ሙጬንም ከፊት ወንበር አስቀምጠዋለሁ።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉ በደብሩ ዕቃ ቤት ይቀመጣል። ጠባቂው አስቸጋሪ ሰው ነው፤ ለምኜው የማላውቀውን ያህል እለምነዋለሁ። እግሬ እስከ ቻለ ድረስ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ አስከፍቼ ያንን ገጽ እገልጣለሁ። የመጨረሻዋ ፊደል መኖሯን አይቼ ወደ ቤት እመለሳለሁ።

ባልሽ