አሞታል ቢሉህ አትምጣ

መስቃን፣ ጥር 17 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለልጄ ለከማሉ
አዲስ አበባ፣ መርካቶ

አሰላሙ አለይኩም ልጄ። አላህ ከፊትህም ከኋላህም ይሁን።

ሚስትህ ዘይባ «እኛ ሁላችን ደህና ነን» ብላ ጀምራልኝ ነበር። ሰርዢው አልኳት። እኔ በጉራጊኛ እናገራለሁ፣ እሷ ቡታጅራ በማታ ትምህርት የለቀመችውን አማርኛ ታለብሰዋለች። ልብሱ የእሷ ነው፣ ገላው የእኔ ነው። ያላልኩትን እንዳትጨምር፣ ያልኩትንም እንዳታለሰልስ አስጠንቅቄያታለሁ።

ነገሩ ይኸውልህ፤ ዘንድሮ ለአረፋ እንዳትመጣ።

እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ዓመቱን ሙሉ መርካቶ ከርሞ ለአረፋ አባቱ ደጅ ያልታየ ልጅ ወይ ታስሯል ወይ ሞቷል ይባላል። ይበሉ።

ያ በሽታ እንሴኖ ገበያ ከገባ ወዲህ የምንኖረው እንደ ሰው አይደለም። ጠዋት በርበሬ ሲያስመዝን ያየኸው ሰው ማታ ይቀበራል። ከወንዙ ላይ የበሽተኛ ልብስ ይታጠባል፣ ከታች ያለው ሰው ያንኑ ይጠጣል። ከከተማ ሐኪም ቤት አንድ ድሬሰር መጥቶ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ አትሰብሰቡ አለን። የበሽታውን ስም ስንጠይቀው «የሆድ በሽታ በሉት፣ ይበቃችኋል» አለ። ስም የሌለው ነገር ይህን ያህል ሰው አይጨርስም አልኩት።

አረፋ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። በአንድ በሬ ዙሪያ ስንት ቤት ይሰበሰባል፣ አንድ ጣባ ውስጥ ስንት እጅ ይገባል። ስለዚህ፣ መስጊድ ደጅ ቆሜ ተናገርኩ። ዘንድሮ አላርድም፣ ሰውም ግቢዬ አይገባም፣ ልጄም አይመጣም አልኩ። ሀጂ ሙሀመድአወል ጺሙን ጨብጦ አየኝ።

«አንተ ሰው፣ ጃጀህ መሰለኝ። ከአረፋ ቀርቶ የኖረ የመስቃን ልጅ አለ?»

«ዘንድሮ የሚኖረው የቀረው ነው» አልኩት።

«ሰው ምን ይለናል?»

«ይበል። እኔ የምፈራው የሚል ሰው እንዳይጠፋ ነው።»

በሬው ከበረቱ ቆሟል። ያ ለአረፋ ስቀልበው የከረምኩት ዳለቻው። ከዚህ ሁሉ መዓት የተጠቀመ እሱ ብቻ ነው። እያመነዠከ ያየኛል፣ የሚያመሰግነኝ ይመስላል።

ጎረቤታችን ሙስተፋ ሞተ። ሚስቱ ከድጄ በራፏ ላይ ቆማ ስትጣራ፣ ከእሱ ጋር ደቦ የወጣ፣ ከማዕዱ የበላ ሁሉ በሩን ዘጋ። ድሬሰሩ «ሬሳ አትንኩ፣ ኖራ ነስንሳችሁ ቅበሩ» ብሎ ነበር። በውሃውም በመሰብሰቡም ሰምቼዋለሁ፤ በዚህ ግን አልሰማሁትም። ሙስተፋ ዕድሜውን ሙሉ ከጎኔ ቆሞ የሰገደ ሰው ነው፣ እንደ ሞተ ውሻ አፈር አይገባም። ከድጄ ውሃውን አፈሰሰች፣ እኔ አጠብኩት። እጣቢው ወንዝ እንዳይደርስ ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሬ እዚያው ደፈንኩት። ከፈንኩት፣ ሰገድኩበት፣ ከከድጄ ወንድም ጋር ሆነን ቀበርነው። የቆጨኝ እንዳይመስልህ። ነገም ቢሆን አደርገዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤት አልገባሁም። ጓሮ ካለችው የጥጃ ጎጆ ነኝ። እናትህ የፈላ ውሃ በቅል አምጥታ ደጄ ታኖርና ወደ ኋላ ሸሽታ ከእንሰቱ ሥር ሆና ትሰድበኛለች። «ሌላ አጣቢ ጠፍቶ ነው?» ትላለች። «አዎ፣ ጠፍቶ ነው» እላታለሁ። በየቀኑ ይኸው ነው ወጋችን። ዘይባም ይህን የምትጽፈው ከአጥሩ ማዶ ተቀምጣ ነው። እኔ እጮኻለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ ምስጢራችንን ጎረቤቱ ሁሉ ከአንተ በፊት ሰምቶታል።

እዚህ ላይ ትንሽ አቁመን ነበር። ወደ እንሰቱ ወጣ ብዬ መጣሁ። ዘይባ «ዛሬ ስንተኛ ጊዜዎ ነው?» አለችኝ። እሱን አትጻፊ አልኳት። በአጥሩ ቀዳዳ ሳያት ግን ብዕሯ ይሄዳል።

አሁን ዋናውን ስማ። ወጋችንን ታውቃለህ፣ ሞት በደብዳቤ አይነገርም። ዘመድ ሱቅህ ድረስ ይመጣና «አባትህ ትንሽ አሞታል፣ ና እንሂድ» ይልሃል። አውቶቡስ ትሳፈራለህ፤ ቡኢ ስትደርስ የሰው ዓይን ይነግርሃል። እኔም የአባቴን መርዶ የሰማሁት እንዲያ ነው። ይህን ወግ ዘንድሮ ሽሬዋለሁ። አባትህ አሞታል ካሉህ ሞቷል ማለት ነው። ተቀብሯል፣ አልቋል። መጥተህ የምታነሳው ሬሳ የለም። አትምጣ። ሱቅህን ዝጋና እዚያው ስገድልኝ፤ አላህ ከየት ሰገድክ ብሎ አይጠይቅም።

ዘይባ እዚህ ላይ ብዕሩን ጣለችው።

«ይህን አልጽፍም። ባሌ ነው፣ ይምጣልኝ» አለች።

«ባልሽ ስለሆነ ነው የምትጽፊው። መበለት መሆን ካማረሽ ተዪው» አልኳት።

እኔም አልወተወትኳትም። ኋላ ራሷ ጎንበስ ብላ አነሳችው። ጠንካራ ሴት አግብተሃል። ይህንንም ጻፊ ብዬ አዝዣታለሁ፣ አፍራ አሳንሳ ጽፋው ከሆነ ፈልገህ አንብበው።

በኬላ የታሰረው መንገድ ሲፈታ፣ እንሴኖ ገበያ እንደገና ሲውል፣ ያኔ ና። በሬውን እረደው። ከሁሉ በፊት ከድጄን ጥራት። ሀጂ ሙሀመድአወልንም ጥራው፤ እንዲያፍር ወፍራሙን ሥጋ ለእሱ አጉርሰው። እናትህ ስትሰድብ ዝም ብለህ ስማት፣ የሚሰማት ሰው ካጣች አይሆንላትም።

ይህን የሚያደርስልህ የቡኢው የበርበሬ ነጋዴ አበራ ነው። የበሽታውን መርፌ የተወጋበትን ወረቀት ስለያዘ ኬላው ያሳልፈዋል። ደህና ሰው ነው፣ ግን ሆደ ቡቡ ነው። አይቶኝ ስለሄደ እፊትህ ያለቅስ ይሆናል፤ ሻይ አጠጣውና ሸኘው፣ ወሬውን ግን አትከተል።

አላህ በዕድሜህ ይጨምርልህ። የያዝከው ይባረክ። ልጆች ወልደህ እንደ እኔ እምቢ የሚሉህ ይሁኑ።

ሌላ ጊዜ በደብዳቤዬ ግርጌ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳርፍልህ ነበር። ይህን ወረቀት ግን አልነካሁትም። ከዘይባ እጅ ወደ አበራ እጅ ነው የሚሄደው። ንጹሕ ነው፣ ሳትፈራ ያዘው። ጣቴ ስለሌለበት፣ ስሜን ጻፊበት አልኳት። ሚስትህ ቤታችን ከገባች ጀምሮ የአማቷን ስም በአፏ ጠርታ አታውቅም፤ ነውር ነው። ወረቀቱን ይዛ ቀረች። ይህም ተሽሯል አልኳት፣ ልጄ የማን ደብዳቤ እንደሆነ ይወቅ።

አባትህ
ሸኩር ነስሮ